የተባረከ ድርቆሽ

ጠሙ ጅራቱን ይዛ ሳብ ስታደርገው አይጡ ከሁለት ተከፈለ። ጅራቱና የኋላ እግሮቹ እጇ ላይ ቀሩ፤ ሌላው ወገኑ ከነጥርሱ ድርቆሹ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

“የሐጂ ጠይቢ ስጦታ ሥጋም አለበት ማለት ነው!” አለ ሽማግሌው ፈረሰኛ ቡሽታ፣ አጠገቧ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ። “ከዚህ በላይ ምን ልግስና አለ?”

“አፍህን ግጠም፣ ዝንብ ይገባብሃል።”

ግማሹን አይጥ ወረወረችና እጇን በአሸዋ ፈተገች። ፈትጋ አሸተተችው። እንደገና ፈተገችው። ሽታው ጥፍሯ ሥር ገብቶ ነበር።

ከፈረሰኞቹ ድንኳን ጀርባ፣ በተወጠረ ሸራ ጥላ ሥር፣ አርባ እስር አልፋልፋ ተከምሯል። ስድስተኛውን እየፈታች ነው። ገመዱን በማጭድ ትቆርጣለች፣ ንብብሩን እየገለጠች መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ታራግፋለች፣ በጣቷ ትበትናለች፣ ታሸታለች። መጨረሻ ላይ ቆንጠር አድርጋ ታኝክና ትተፋዋለች። ሁሉንም ስትጨርስ በሰው ፊት “ቢስሚላህ፣ አብሉ” ትላለች። ይህችን ቃል ካላለች ለወሊዩ ለሲዲ ቡንዋር በዓል በአንድ ረድፍ ጋልበው ባሩድ ከሚተኩሱት ከአሥራ አምስቱ ፈረሰኞች አንዱም ለፈረሱ አንዲት ሰበዝ አይሰጥም። ከስድስት ዓመት በፊት ከቆላ የመጣ አንድ ቡድን በአንድ ቀን አራት ፈረስ ሲቀብር ሁሉም ቆመው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ጠሙ የሌለችበት መኖ መኖ አይደለም።

ባሏ የሞተባት የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ስንዴ ስታርም ስለኖረች አረምን በመልኩ ብቻ ሳይሆን በጠባዩ ታውቀዋለች። አንድ እስር ድርቆሽ አሽትታ ያጨደውን ሰው የሚስቱን ስም ትናገራለች ይባላል። ይሄ ውሸት ነው፤ የምትናገረው የአማቱን ስም ነው። ከእስር ውስጥ ያላወጣችው ነገር የለም። እባብ አውጥታለች። ሁለት ወር ታስሮ የኖረ ኤሊ አውጥታ፣ ኤሊው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ መንገዱን ቀጥሏል። አንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ አወጣች፤ ሙሉ የላይኛው ረድፍ። ባለቤቱ ተፈልጎ ሲመጣ ተቀበላት፣ በእጅጌው እንኳ ሳይጠርግ ከነጭቃው ጎርሶ “አላህ ይስጥሽ” አላት። ያንን ሰው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየው ያቅለሸልሻታል።

የዛሬው ግን ከዚያም ብሶባታል። ድርቆሹ ከክምር ሥር የተጎተተ፣ ዝናብ የጠጣ፣ መሐሉ ነጭ ሻጋታ ያበቀለ ነበር። ስትገልጠው አቧራው እንደ ጭስ ይወጣና ጉሮሮዋን ይይዛታል። የአይጥ ኩስ እንደ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበታል።

“የኔው ሚኒስትር መጀመሪያ እንዲቀምስ እፈልጋለሁ፣” አለ ቡሽታ ከባልዲው እየተነሳ። ሚኒስትር የሚለው አሮጌ ድንጉላውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከማዛጋት በቀር ሥራ ስለሌለው ነው እንዲህ ብሎ የሰየመው። “አራት ቀን ሲዲ ቡንዋር ግቢ ያደረ ድርቆሽ ነው። በረካው ለጉልበቱ ይሆነዋል። አደራ ላላ ጠሙ፣ የመጀመሪያዋ እቅፍ የኔ ናት።” ላላ የሚላት ለአክብሮት ነው፣ እንደ እሜቴ።

“ሂድ ውሃ አጠጣው። ቃል ሳልሰጥ በረካ የለም።”

እየሳቀ ሄደ። እሷ ሰባተኛውን እስር ቆረጠች።

ከሦስተኛው ንብብር ውስጥ አንድ ቅጠል ወደቀ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጣ ያለ ጅማት ያለው። ደርቆ ተጠቅልሏል፤ መልኩ ከአልፋልፋው መልክ ብዙም አይለይም። ጠሙ አንስታ በፀሐይ አየችው። በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችና ሦስት ጊዜ ተፋች።

ድፍላ ነው። በደረቁ ወንዝ ዳር ሁሉ ሮዝ አበባውን አውጥቶ የሚቆመው ድፍላ። ፍየል የማይነካው፣ ንብ እንኳ ዞራው የምታልፈው ነው ይባላል። የልብን ምት ያሳስታል፤ አንድ እፍኝ የበላ ፈረስ በማግስቱ በአራት እግሩ አይቆምም። ይሄንን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ክፋቱም አገሩ ሁሉ ማወቁ ነው። “ድፍላ መራራ ነው፣ ፈረስ ደግሞ አእምሮ አለው፣ ይተፋዋል” ይላሉ። እውነት ነው፣ እርጥቡን ይተፋዋል። ሲደርቅ ግን ምሬቱ ይለዝባል፣ አልፋልፋ ውስጥ ይደበቃል፣ የራበው ፈረስ እየዋጠ እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

እንዴት እዚህ እንደገባ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሰኞ ዕለት ሐጂ ጠይቢ ስጦታውን ይዞ ወደ ወሊዩ ቀብር ሲወጣ እሷም መንገድ ዳር ቆማ አይታ ነበር። ከበሮው፣ ጥሩምባው፣ እልልታው፣ ከፊት የሚነዳው ጥቁር ኮርማ፣ ከኋላው ድርቆሹን የጫነው መኪና። የሐጂው ሴቶች ልጆች መኪናውን አስጊጠውት ነበር። በእያንዳንዱ እስር ገመድ ሥር አንድ አንድ ቅርንጫፍ የድፍላ አበባ ሰክተው፣ መኪናው ሙሽራ መስሎ። እሷም “ያምራል” ብላ ነበር። አሁን ያ ቃሏ እንደ ሻገተ ዳቦ አፏ ውስጥ ተመለሰባት።

ተነስታ አርባውንም እስር ዞረች። ቅርንጫፎቹ ከገመዱ ሥር አሉ፣ ግን አበባ የላቸውም። የወሊዩ ጎብኚዎች አራት ቀን ሙሉ አበባውን ለበረካ እየቀነጠሱ ወስደውታል፤ አንዷ ለልጅ፣ አንዷ ለባል፣ አንዱ ለፍርድ ቤት ጉዳይ። ቅጠሉን የፈለገው አልነበረም። ቅጠሉ በፀሐይ ደርቆ፣ ሰው ሲጎትተው ረግፎ፣ ትናንት መኪናው እየዘለለ ሲያመጣው ደቅቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስምንተኛውን እስር አነሳችና አራገፈችው። እንደ ትንባሆ ዘነበ።

ፊቷን አጨማደደች። ማጭዷን አስቀምጣ መጀመሪያ ፈረሶቹ ወደታሰሩበት ሄደች፣ ዝንጅብልን ከረድፉ ፈታች፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ወስዳ ለብቻዋ አሰረቻት። ዝንጅብል የሟች ባሏ ቀይ ባዝራ ናት። ዛሬ ልጇ ዓላል የሚጋልባት እሷን ነው። ከቤት የመጣውን የድርቆሽ ጆንያ አምጥታ አጠገቧ አቆመችና ወደ ትልቁ ድንኳን አመራች።

ሙቀደም ቡዓዛ፣ የፈረሰኞቹ አለቃ፣ ከሐጂ ጠይቢና ከእንግዶቹ ጋር የተጠበሰ በግ ከበው ተቀምጠዋል። ገና ረፋድ ነው፣ በጉ ግን ግማሽ አካሉ የለም። አንዱ እንግዳ የጎድን አጥንት እየጋጠ ይስቃል፣ ሌላው ጣቶቹን አንድ በአንድ ይልሳል። በናና ሻዩ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ዝንቦች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ጠሙ ከደጃፉ አልገባችም።

“ቡዓዛ፣ ና ወደ ውጭ።”

“በእንግዳ ፊት ስሜን ባዶውን አትጥሪ። ሙቀደም በይ።”

“ሙቀደም ቡዓዛ፣ አገጭህ ላይ ጮማ አለ። ና ወደ ውጭ።”

እንግዶቹ ሳቁ። እንዲህ ልትለው የምትችል ሌላ ሰው በአገሩ የለም፤ ሕፃን ሳሉ ከአንዲት እናት ጡት የጠቡ ናቸው። አገጩን እየጠረገ ወጣ። መዳፏን ከፍታ ቅጠሉን አሳየችው።

“ድፍላ ነው። አርባውም ውስጥ አለ።”

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። “ልቀሚው።”

“ሙሉ ቅጠል ቢሆን እለቅመው ነበር። ደቋል። ትንባሆ ከትንባሆ ለቅመህ ታውቃለህ?”

“ጠሙ፣ ይሄ ድርቆሽ አራት ቀን ሲዲ ቡንዋር ግቢ ያደረ ነው። መርዝ ቢኖርበት እንኳ በረካው ገድሎታል።”

“አይጡንም ገድሎታል። ግማሹ ውጭ አለ፣ ላሳይህ?”

“አትቀልጂ!”

“አልቀለድኩም። ሰው ወደ ገበያ ላክ፣ ዛሬ የሚበሉትን ብቻ ያምጣ። ይሄንን እናቃጥለዋለን።”

“የሐጂውን ድርቆሽ? ሐጂው እዚሁ ቁጭ ብሎ እያየ?” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ድንኳኑ የሱ ነው። ባሩዱ የሱ ነው። አሁን የበላሁት የሱ ነው። ‘ሴቶች ልጆችህ በእጃቸው ያስጌጡት ነገር ፈረስ ይገድላል’ ልበለው? ለወሊይ የቀረበ ስጦታ ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“አንተ በልተሃል። ፈረሶቹ ናቸው ያልበሉት።”

“እኩለ ቀን ላይ ከሰላት በኋላ ሰው ይሰበሰባል። ቃልሽን ትሰጫለሽ፣ ፈረሶቹ ይበላሉ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ እንጋልባለን። ነገ ሁሉም ወደ ቤቱ።” ጢሙን ጎተተ። “ዓላል ሰልፉ ውስጥ ለመግባት ሰባት ዓመት ጠብቋል አይደል? ዛሬ ከዳር አሥራ አምስተኛ ሆኖ ይሮጣል። ዳር ላይ ያለ ሰው ለመውደቅ ቅርብ ነው፣ ጠሙ። ሌላ የሚጠብቅ ሞልቷል።”

ሐጂ ጠይቢ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ወጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረሰ፤ ጽጌረዳና የበግ ጮማ አንድ ላይ። እጇን በሁለት እጁ ያዛት። መዳፎቹ ለስላሳና ቅባት ነበሩ። ቅጠሉ በጡጫዋ ውስጥ ተሰባበረ።

“እህቴ ጠሙ! ያንቺን ቃል በስልኬ እቀርጻለሁ። ፈረንሳይ ላሉት ልጆቼ እልክላቸዋለሁ፣ የአባታቸውን ሥራ ይዩ።”

“ሐጂ፣” አለች፣ “እርስዎ የራስዎን ፈረሶች ምን ያበላሉ?”

“የኔዎቹማ ሆዳቸው ስስ ነው!” ብሎ ሳቀ። “የዘንድሮውን ነው የሚበሉት፣ ከማዶው እርሻ በየሳምንቱ እየታጨደ። ይሄኛው የካቻምናው ነው። መጣልም ነውር ነው፣ ለበረካ ይሁን ብዬ ነው።”

ፊቱ ላይ የሐፍረት ጭላንጭል እንኳ አልነበረም። እንዲያውም ለራሱ ልግስና ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር። ጠሙ አፏን ከፈተች። ቡዓዛ ከኋላዋ ክንዷን ያዘና ጨበጥ አደረገው። አፏን ዘጋች። ሐጂው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ በጉ ተመለሰ።

ልብሷ ላይ የቀረውን ቅባት በአሸዋ ልትጠርገው ሞከረች፤ አሸዋው ተጣበቀበትና የባሰ ሆነ።

ወደ ሸራው ስትመለስ በድንኳኑ ጀርባ በኩል አቋረጠች። የቡዓዛ መኪና እዚያ ቆሟል፣ የዕቃ ማስቀመጫው ተከፍቷል። ባልደራሱ፣ የቡዓዛ ሚስት ወንድም ነው፣ ጥቁሩን የሙቀደም ድንጉላ ከረድፉ ፈትቶ አምጥቶታል፤ ከመኪናው ውስጥ ካለ ከረጢት ንጹሕ ገብስ በባልዲ ይቀዳለታል። ድንጉላው ራሱን ባልዲው ውስጥ ከቶ ዓይኑን ጨፍኗል።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለችው።

ባልደራሱ ደነገጠ። “ሙቀደም አሁን ደውሎ ነው... ከድርቆሹ እንዳይቀምስ፣ ሆዱን ትንሽ ነክቶታል አለኝ።”

“ሆዱን ነክቶታል?”

“ገብሱን ሲበላ እያየሽው ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?”

ገብሱ በድንጉላው ጥርስ መሐል ይፈጫል። ቡዓዛ አልካዳትም፤ አምኗታል። ቃል በቃል አምኗት፣ አጥንቱን እየጋጠ ስልኩን አንስቶ የራሱን ፈረስ አስወጥቷል።

“የእናቴ ወተት ይርከስበት” ልትል አሰበችና ተወችው። ያቺ እናት የእሱም እናት ነበረች።

ዓላል ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ዝንጅብልን ሲያበጥር አገኘችው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ቀን ቀን ሞተር ብስክሌት ይጠግናል። ዛሬ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ የአባቱን ቢጫ ቦት ጫማ አጥልቆ፣ እንዳይቆሽሽ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ያበጥራል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጥበው የሰነበተው የጥፍሩ ጥቁር ዘይት ግን አሁንም አለ።

“እማ! እንዴት ነው? አምራለሁ?”

“እንደ ሸንኮራ።” አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው፤ ቅጠሉን፣ የቡዓዛን ማስፈራሪያ፣ ገብሱን። ስትናገር ልብሱን አላየችም።

ዓላል ማበጠሪያውን በመዳፉ ላይ መታ መታ አደረገ።

“ምናልባት ትንሽ ነው የሚሆነው፣” አለ በመጨረሻ። “ቅጠሉ። ለአሥራ አምስት ፈረስ ሲከፋፈል።”

“ለአንዱ ይበቃል። የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።”

“እማ፣ ሰባት ዓመት ነው። ሰባት ዓመት የሌላ ሰው ፈረስ ፋንድያ ጠርጌአለሁ። አንዲት ቃል ናት። በያትና ይለፍ። ዝንጅብልን እኔ ለብቻዋ አበላታለሁ። ከጆንያው።”

ጠሙ ብድግ አለች። “ምን አልክ?”

“ለብቻዋ አበላታለሁ ነው ያልኩት።”

“የቡሽታ ሚኒስትር ይሙት፣ ያንተ ትብላ? ቱ! አሁን ከመኪናው ጀርባ ያየሁትን ሰው መሰልክ። ጢም ብቻ ነው የቀረህ። ከቡዓዛ ቤት ነው እንዴ ያደግኸው?”

ዓላል ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ ይሄ ነው የባሰው።

“ጠዋት ከረድፉ የፈታት ማነው?”

“ማንን?”

“ዝንጅብልን። እኔ ስመጣ እዚህ ታስራ፣ ጆንያው ከአጠገቧ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ሰው የፈታት መስሎኝ ልጣላ ነበር። ቡሽታ ‘እናትህ ናት’ አለኝ። ቡሽታ አጠገብሽ ሆኖ ሚኒስትርን ውሃ ያጠጣ ነበር። ነገርሽው?”

ጠሙ ጎንበስ ብላ የጆንያውን አፍ አጠበቀች።

“ለቡሽታ ነገርሽው፣ እማ?”

“መጀመሪያ ለሙቀደም መንገር...”

“መጀመሪያ ለዝንጅብል ነገርሻት” አለና ፊቱን ወደ ባዝራይቱ መለሰ።

ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እጇን አየችው። ከአይጡ፣ ከሻጋታው፣ ከሐጂው ቅባት የቀረ ነገር ሁሉ እዚያ ነበር፤ አሁን ግን የቀፈፋት ሌላ ነው። ያን ጠዋት እግሯ ሳያማክራት ወደ ራሷ ገመድ ሄዶ ነበር። ከቡሽታ ጎን አልፋ፣ “ዛሬ ሙቀቱ ምን ይላል?” ሲላት “ገና ነው” ብላ መልሳለት፣ የራሷን ፈትታ ሄዳለች። ቡዓዛ ስልክ አንስቷል፤ እሷ ስልክ ስለሌላት በእግሯ ሄደች። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ሙአዚኑ ጠራ። ሰው ሰገደ። ከሰገደ በኋላ በሸራው ዙሪያ ተሰበሰበ። ፈረሰኞቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በግማሽ ክብ ቆሙ፤ ከበሮ መቺዎቹ መጡ፣ የሐጂው እንግዶች ከነጥርስ መጎርጎሪያቸው መጡ። ሐጂ ጠይቢ ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘ፤ በራሱ ፊት ጀምሮ ወደ ድርቆሹ አዞረው። ባልተፈቱት እስሮች ላይ አንድ ሰው አረንጓዴ ጨርቅ ጣል አድርጎባቸዋል። ከሥሩ የሻጋታ ሽታ ይወጣል፤ ሁሉም አፍንጫ ያሸተዋል፣ ሁሉም አፍ “ማሻአላህ” ይላል። ሽቶ የተቀባ አንድ እንግዳ ተጠግቶ ከእስሩ ነጭቶ ግንባሩን አሸበት።

ቡሽታ ከሰልፉ ቀድሞ ወጣ። ለመጀመሪያዋ እቅፍ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ ፊቷ ቆመ። ክንዶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ የነጭ ልብሱ እጅጌ ሰፍቷቸዋል።

“ቶሎ በይ ላላ ጠሙ፣” አለ በሹክሹክታ፣ “ሚኒስትሩ ስብሰባ አለበት።”

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ሙቀደም ቡዓዛ ጉሮሮውን ጠረገና ለስልኩ የሚሆን ድምፅ አወጣ። “በይ ላላ ጠሙ። በሁላችን ስም፣ ቃልሽን እንስማ።”

ጠሙ ጎንበስ ብላ ከተባረከው ድርቆሽ ቆንጠር አደረገች። ወደ አፏ አላስጠጋችውም። ጣቶቿን ፈታ አራገፈችውና ዞራ ሄደች።

ምናልባት ውሃ ልታመጣ ነው የመሰላቸው አሉ። ከበሮ መቺው አንዴ መታ አድርጎ አፍሮ ተወው። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ የቤቱን ጆንያ ይዛ ወጣች። ከባድ ነው፤ አልሸከም ብሏት መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ ትቢያውን እያስነሳች መጣች። አፉን ፈታች። ሁለት እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ያወጣችውን በቡሽታ ክንዶች ላይ አደረገችው። ድርቆሹ አረንጓዴ ነበር፣ ገና የእርሻ ሽታ አለው።

ቡሽታ ቁልቁል አየ። “ይሄ የሐጂው ነው?”

“የቤቴ ነው።”

“የሐጂውስ?”

“ድፍላ አለበት። አርባውም። እኔም ለዝንጅብል አልሰጠኋትም።”

ከፈረሰኞቹ አንዱ ተሳደበ። ሐጂ ጠይቢ ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ መቅረጹን ግን አላቆመም፣ ስለዚህ ፈረንሳይ ያሉት ልጆች የአባታቸውን ጫማና የብዙ ሰው ጩኸት ያያሉ ማለት ነው።

“ሴትዮዋን ፀሐይ መቷታል!” አለ ቡዓዛ። “ጠሙ! የምትይውን ታውቂያለሽ?”

ቡሽታ አልሰማውም። ዓይኑ እሷ ላይ ነው። “መቼ ነው ያየሽው?”

“ጠዋት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ።”

“ከዚያ ነው ባዝራሽን የፈታሻት? ሙቀቱ ምን ይላል ስልሽ?”

“አዎ።”

“አሁን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።”

“ነው።”

ቀልደኛው ሽማግሌ እሷ ጠዋት ግማሹን አይጥ ባየችበት ዓይን አያት። ያቀፈውን ድርቆሽ ፊቷ ላይ የሚበትነው መሰላትና ፊቷን አላዞረችም፤ ቢበትነው ልትቀበለው ቆመች። እሱ ግን አልበተነውም። አንዴ ምራቁን ጫማዋ አጠገብ ተፋ፣ እቅፉን አጥብቆ ያዘና ወደ ሚኒስትር ሄደ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ሳይዞር፣

“ሙቀደም፣” አለ፣ “ያንተ ጥቁር ከረድፉ ላይ የለም። የት ሄዶ ነው?”

አሥራ ሦስት ራስ ወደ ረድፉ ዞረ። ቡዓዛ ጢሙን ያዘ። የሐጂው እንግዶች አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ አንዱ ግንባሩን ያሸበትን ድርቆሽ ቀስ አድርጎ መሬት ጣለው፣ እጁንም በጓደኛው ልብስ ጠረገ።

ጠሙ ዓላል የቆመበትን ታውቃለች፤ በግማሽ ክቡ ጫፍ፣ አሥራ አምስተኛው። ወደዚያ አላየችም። ነጩ ልብስ እንደቆመ ይሁን እየሄደ እንደሆነ አላጣራችም።

ቡዓዛ ነቃ። ወደ ድርቆሹ ተራመደ። “ጎበዝ፣ ይሄ የሴት ወሬ ነው! እኔ ራሴ ነኝ የማበላው፣ በእጄ! አንሱ፣ አንዱን አንሱልኝ!”

ባልደራሱና ከእንግዶቹ አንዱ ወደ እስሩ መጡ። ጠሙ ቀደመቻቸው። አረንጓዴውን ጨርቅ አንስታ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ ሳመችውና ለከበሮ መቺው ሰጠችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ የተባረከው ድርቆሽ ላይ በሙሉ ክብደቷ ቁጭ አለችበት። እስሩ ከሥሯ ሲጥ አለ፣ ከጎንና ከጎኑ የሻጋታ አቧራ እፍ ብሎ ወጣ። ሽታው አፍንጫዋ ገባ። አልተነሳችም።

ጆንያውን ስባ በጉልበቶቿ መሐል አጠበቀችው።

“ቀጣይ፣” አለች። “በየእቅፉ አይደርስም። እፍኝ እፍኝ ነው።”